ቆማ የተመታችው ልጅና የክቡርነትዎ እቅፍ አበባ

ክቡር የከተማ ውበትና አረንጓዴ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ወግ ነውና፣ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? የምግብ ፍላጎትዎስ? በዚያ ማለዳ ከመኪናዎ መስኮት ብቅ ብለው ሲመለከቱ አቧራ ገብቶባቸው የነበሩት ዓይኖችዎ ጠርተውልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በነጭ መሐረብ ሲጠርጓቸው አይቼ፣ አፌ ውስጥ የሰው ጆሮ ባይኖር ኖሮ «አይዞዎት» ልልዎ ነበር። ስለ ጆሮው በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰውም ስለማይጠፋ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ጽሕፈት ቤትዎ ካፈረሰው የሰፈር አትክልት ቦታ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታናሽ እህቴና ከልጇ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። እህቴ የአውቶቡስ ማደሪያው ውስጥ አውቶቡስ አጣቢ ነበረች፤ «ነበረች» ያልኩት ሞታ ሳይሆን፣ ከዚያ ማለዳ ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ታስራ ስለተቀመጠች ነው። ልጇን ሰፈሩ በሙሉ ፌንጣ እያለ ይጠራታል፤ ከመደብ መደብ ስትዘል የማንንም ቡቃያ ረግጣ ስለማታውቅ የወጣላት ስም ነው። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ባለፈው ሳምንት የጽሕፈት ቤትዎ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ ያ ሽቶው ቀድሞት ደረጃ የሚወጣው ወጣት፣ ቤታችን ድረስ በመምጣት አክብሮናል። ከስፌት መኪናዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የልጅቷን ጀሶ የታሰረ ክንድ ላለማየት ጣሪያችንን በሙሉ እየመረመረ፣ ፌንጣ በመጪው እሑድ በሚደረገው የአዲሱ መናፈሻ ምረቃ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ለክቡርነትዎ እቅፍ አበባ እንድታበረክት መመረጧን አበሠረን። ይህን ካደረገች የእናቷ ጉዳይ «በበጎ ዓይን ይታያል»፤ ካላደረገች ግን ምርመራው «ሊንዛዛ ይችላል»። ቃሉ የእሱ ነው፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም። መልሳችንንም ዝም ብለን በስልክ እንድንነግረው አደራ ብሎን ሄደ። ምን ላድርግ፣ እኔ ስልክ ላይ አንደበቴ ይተሳሰርብኛል፤ ስለዚህ አገር እያነበበው ልጽፍልዎ መረጥኩ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን ለተዋለልን ውለታ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስላወጡልን ደንብ አመሰግናለሁ። ያ ቦታ የቆሻሻ መጣያ ሳለ ደንብ አልነበረውም፤ የሞተ ድመትና የተሰባበረ ጠርሙስ ማንም ደንብ አያወጣለትም። እኛ ነዋሪዎቹ ጠርሙሱን በባዶ እጃችን ለቅመን፣ ጣታችን እየደማ አፈሩን ገልብጠን፣ ቆስጣና ካሮት ማብቀል ስንጀምር ግን ጽሕፈት ቤትዎ ከየት መጣ ሳይባል ደረሰልን። አዳራሽ ሰበሰቡን። ባለቤቱ የሌለበት መደብ እንደተተወ ተቆጥሮ ለሌላ እንደሚሰጥ፣ ሰው የቆመበት መደብ ግን በማንም እንደማይነካ ከራስዎ አንደበት ሰማን፤ አጨበጨብንም። በማግስቱ «ሰው የቆመበት መደብ አይነካም» የሚል ሰሌዳ በቀይ ቀለም ተጽፎ በሩ ላይ ተሰቀለ።

እኛ ደግሞ የተባለውን የምናምን ሰዎች ነን። ተቆጣጣሪዎ ፊሽካ በነፋ ቁጥር የያዝነውን ጥለን ወርደን፣ በየመደባችን መሐል ተገትሮ መቆም ልማዳችን ሆነ። ሥራ የሄደ ዘመዱን ይተካል። ጡረተኛው ሻምበል ኮታቸውን ደርበው ባቄላው መሐል ቀጥ ይሉና ለተቆጣጣሪው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንስተው ሰላምታ ይሰጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞት መቆም ቢያቅተው ፍራሹን አስወርዶ ካሮቱ አጠገብ ተጋደመ፤ ተቆጣጣሪዎም መተኛት እንደ መቆም ይቆጠር እንደሆነ አለቃው ዘንድ ደውሎ ጠየቀ፤ «ዓይኑን ከገለጠ ይቆጠርለት» የሚል መመሪያ ስለመጣ፣ ሚስቱ ቁጥጥሩ እስኪያልቅ ድረስ የዓይኑን ቆብ በጣቶቿ ገልጣ ይዛለት ቆየች። እንዲህ ነበር ደንብዎን ያከበርነው።

እህቴ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሲመሽ ስለምትገባ በመደቧ ላይ የምትቆመው ፌንጣ ነበረች። በመቆም ብቻ ብታበቃ ጥሩ ነበር፤ ልጅቷ ግን ውላ አድራ መደቡን ወረሰችው። ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ፣ ሥር ሥሩን ብቻ እየመረጠች ታጠጣለች፤ ቅጠል ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው ካየች ዕድሜው ምንም ይሁን ምን አትምረውም። «አባባ ሻምበል፣ ባቄላውን እኮ እያሰጠሙት ነው!» ብላ ስትጮህባቸው፣ ጦርነት አይተው የተመለሱት ሰውዬ ባልዲውን አስቀምጠው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ርኅሩኅ ልጅ ናት ብዬ አልዋሽዎትም። ቀንድ አውጣ ካገኘች በጡብ ትጨፈልቃለች። ቡቃያ የሚቆርጠውን ትል ከአፈሩ ቆፍራ አውጥታ፣ ጨርቅ በምቆርጥበት መቀሴ ወገቡን ለሁለት ትቀነጥሰዋለች፤ «ምናለ መቀሴን ብታጥቢልኝ» ብዬ ብቆጣት፣ «እሱ ቲማቲሜን ሲቆርጥ አፉን ታጥቦ ነው?» ትለኛለች። ክቡር ሆይ፣ ከተማችን በቆራጥነት ቢሠራ ኖሮ በዚህች ልጅ እጅ ይሻለው ነበር።

ሁለተኛ፣ ለትልቁ ሰሌዳ አመሰግናለሁ። አምና ፎቶ አንሺዎ መጥቶ፣ ፌንጣን ከፊቷ የሚረዝም ካሮት አስይዞ አነሳትና፣ ምስሏ ከዋናው መንገድ ዳር በሰው ቁመት ሦስት እጥፍ ተሰቀለ። ከሥሩም «ነገዬን በእጄ አበቅላለሁ» ተብሎ ተጻፈበት። ልጅቷ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ፎቶ አንሺውን ያለችው «ቶሎ በል፣ ፀሐዩ ሥሩን አደረቀው» ነበር። ቢሆንም ተደሰትን። ሰሌዳው ዛሬም እዚያው አለ፤ ከሐኪም ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ይታያል። ሐኪሙ ያበጠውን እጇን ይዞ፣ ከመሰበሩ በፊት አንጓዋ ወደየት ያዘነብል እንደነበር ሲጠይቀኝ፣ መጋረጃውን ገለጥኩና ወደ ውጭ አሳየሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥራ ዕድሉ። የደንብ አስከባሪዎችዎን ልብስ ከሰፉት ሰፊዎች አንዷ እኔ ነኝ። ትዕዛዙ ሲመጣ «ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ እንዳይዝ ብብቱ ሰፋ ተደርጎ በድርብ ይሰፋ» ይል ነበር። ይኼ ሁሉ ክንድ ምን ሊያነሳ ይሆን ብዬ ተገርሜ፣ ችግኝ ነው እንግዲህ ብዬ ራሴን በራሴ አሞኘሁ። በዚያ ማለዳ ሥራዬን አየሁት። ክንድ ሁሉ ተነሳ፣ ወረደ፤ ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ወረደ፤ አንዲት ስፌት እንኳ አልተተረተረችም። በሙያዬ እንዲህ ያለ ምስክርነት አግኝቼ አላውቅም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አራተኛው ማለዳው ራሱ ነው፤ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ልብ ይበሉልኝ ክቡር ሆይ፣ ፊሽካ ነው የነፋችሁት። የትኛውም ሌላ ሰፈር ሎደርና ዱላ የያዘ ሰልፍ ሲመጣበት እግሬ አውጪኝ ይላል፤ የእኛ ሰው ግን ፊሽካ ሲሰማ የሚያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው። «ቁጥጥር ነው! ቁሙ!» እያለ ጎረቤት ጎረቤቱን በር እየደበደበ ቀሰቀሰ። ሻምበል ኮታቸውን ደረቡ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ ላይ አረፋው እንዳለ ወረደ። እህቴ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር፣ ለአንድ ቀን እንኳ አብሬሽ ልቁም ብላ ከልጇ ኋላ ተከተለች። ፌንጣ አንድ እግሯ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ፣ ደረጃውን እየዘለለች ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ሰው ከዱላ ይሸሻል፤ እኛ ዱላው እስኪደርስ ሮጠን ሄደን ቦታ ይዘን ጠበቅነው። አስከባሪዎችዎን ማሳደድ እንኳ አላደከማቸውም፤ የሚመታው ሰው ሁሉ በየመደቡ ተተክሎ ነበር የተገኘው።

ሎደሩ አጥሩን ጥሶ ሲገባ እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። ሻምበል እጃቸውን ለሰላምታ ወደ ግንባራቸው ሲያነሱ፣ በተከፈተው ጎናቸው የመጀመሪያው ዱላ ገባ። ሲወድቁ ሁለት ሆነው ረገጧቸው። የጎድን አጥንታቸው ሲሰበር እኔ አልሰማሁም፤ የሰማችው አጠገባቸው ሰላጣዋ መሐል ቆማ የነበረችው ጎረቤታችን ናት፤ እሷ እስከ ዛሬ ድረስ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ከሰማች ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች። ፀጉር አስተካካዩን በአንገትጌው ይዘው በፊቱ ደፍተው በጠጠሩ ላይ ጎተቱት፤ ሲያነሱት የተላጨው ጉንጩና ያልተላጨው ጉንጩ አይለይም ነበር። «ቆመናል! ቆመናል እኮ!» የማይል ሰው አልነበረም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ የለካሁበት ሜትር አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ራሴን አትክልቱ መሐል አገኘሁት።

ፌንጣ ቲማቲሞቿ መሐል ቆማ፣ አንዱን የድጋፍ እንጨት በቀኝ እጇ ጨብጣ ነበር። አንድ ወጣት አስከባሪ መጣና «ውጪ» አላት። «ቆሜያለሁ እኮ» አለችው። ድምጿ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ተቆጣጣሪ የሚያናግር ሰው ድምፅ ነበር። ወጣቱ ግራ ገብቶት ወደ አለቃው ዞረ፤ አለቃው ወደ መኪናዎ ዞረ፤ እርስዎ ያን ጊዜ ዓይንዎን እየጠረጉ ነበር። አለቃው አገጩን ነቀነቀ። ዱላው ወረደ። ልጅቷ እንጨቱን አልለቀቀችም ነበርና ዱላው የእጇን አንጓ ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ አገኘው። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከጩኸቱ ቀጥላ ግን፣ እያለቀሰች፣ ቃል በቃል፣ ደንብ ላልሰማ ሰው እንደምታስረዳ ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ቆሜያለሁ! ሰው ቆሞበታል እኮ!» አለችው። በሁለተኛው ምት ክርኗን አፈረሰው።

እዚህ ላይ እህቴ አካፋ አነሳች። ክሱ ላይ «ሆን ብላ» ተብሎ ተጽፏል፤ እውነት ነው፣ ሆን ብላ ነው። የአካፋው ጀርባ የወጣቱን መንጋጋ ሲያገኘው ጥርሶቹ ደም ለብሰው ቆስጣው ላይ ተዘሩ፤ ፌንጣ ክንዷ ተንጠልጥሎ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሐል፣ «እማዬ፣ ቆስጣውን!» ብላ ጮኸች። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነሳው አራት ሆነው ጣሏት። በፀጉሯ ይዘው ፊቷን አፈሩ ውስጥ ደፈቁት፤ አንዱ ማጅራቷን በጉልበቱ ተጭኖ፣ ሌላው በገዛ የውሃ ጎማዋ እጆቿን የኋሊት ጠፈራት። ከንፈሯ ተተርትሮ፣ አፈር እየተፋች፣ የልጇን ስም ስትጠራ ነው የጫኗት።

የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ማጅራቷ ላይ የተንበረከከውን ሰውዬ ጆሮ ነከስኩ። ሳሙና ሳሙና ይል ነበር፤ ንጹሕ ሰው ነው። እስኪያለቅስ ድረስም አልለቀቅኩትም። በኋላ እንደሰማሁት፣ በሴት ጥርስ ተነከስኩ ብሎ ማስመዝገብ አሳፍሮት፣ ሐኪም ቤት «ውሻ ነው» ብሏል፤ የውሻ መርፌውንም ተራ በተራ ሲወጋ ሰነበተ አሉ። ስለዚህ ማንም አልከሰሰኝም። እዚህ በሕዝብ ፊት ቃሌን እሰጣለሁ፦ እኔ ነኝ፣ ጤነኛም ነኝ፣ መርፌው ይቅርበት።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? አምስተኛ ይሁን። አረንጓዴውን ነቅለው ስለተከሉልን አረንጓዴ አመሰግናለሁ። የሎደሩ ጥርስ ከርግጫ የተረፈውን ካሮትና ቲማቲም ከነአፈሩ ዝቆ ጫነ፤ ደም የነካው አፈርም አብሮ ተነሳ፤ አሁን ቦታው ላይ በጥቅል የመጣ ሣር ተነጥፎ፣ መሐሉ ላይ ውሃ የሚተፋ ነገር ቆሟል። ከመስኮቴ ሳየው ያምራል፤ ምን አባቴ እላለሁ፣ ያምራል። ዳር ዳሩንም «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተተክሎበታል። ያ ሽቷም ሠራተኛዎ ይህንኑ ለፌንጣ በኩራት ሲያስረዳት፣ ልጅቷ ብዙ አስባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «ታዲያ እናንተ የት ቆማችሁ ነው አበባ የምትቀበሉት?» እሱ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጣት። በቀኝ እጇ ልትቀበለው ሞክራ አቃታት። ከረሜላው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሠራተኛዎ ማንሳት አልፈለገም መሰለኝ፣ ደረጃውን ወረደ።

ስድስተኛ አለኝ ብዬ ነበር፤ ትሕትናዬ ግን እዚህ ጋ እየተሰነጠቀ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካውያ ባነሳሁ ቁጥር የማስበውን ነገር ብጽፍልዎ ወረቀቱ ራሱ በተቃጠለ። ፌንጣን የመታትን የዚያን ወጣት ክንድ ስፌት እኔ ነኝ የለካሁት፤ ክንዱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ፣ በየትኛው በኩል ቢጠመዘዝ በቀላሉ እንደሚሰበርም አውቃለሁ። አገጫቸውን የነቀነቁት አለቃ ደግሞ አንገታቸው ወፍራም ነው፤ ኮሌታቸውን ያስፋሁት እኔ ነኝ፤ ምነው ባጠበብኩት ብያለሁ። ስለ ክቡርነትዎ ምን እንዳሰብኩ አልናገርም። እርስዎ ዱላ አልያዙም፤ የያዙት መሐረብ ነው። ከሁሉም በላይ ደሜን የሚያፈላው እሱ መሐረብ ነው፤ ዓይንዎን እንኳ ባይጠርጉ ምን ነበረበት፣ ባዩት ምን ነበረበት!

እንግዲህ ወደ መልሱ።

ለኔ ቢሆን መልሱ እዚህ የማይጻፍ አንድ ቃል ነበር። ነገሩ ግን የኔ አይደለምና ጣቢያ ሄጄ እህቴን ጠየቅኋት። በፍርግርጉ በኩል፣ ያልዳነ ከንፈሯን እያላወሰች፣ «እዚሁ እበሰብሳለሁ እንጂ ልጄን እሱ ፊት እንዳታቆሚብኝ፤ ብታደርጊው እህቴ አይደለሽም» አለችኝ። ተመልሼ ለፌንጣ እንዳለ ነገርኳት፤ ልጅቷ የሚዋሿት ዓይነት አይደለችም። ጀሶዋን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ «አክስቴ፣ እማዬ ብቻ ትውጣ፤ እኔ እችለዋለሁ» አለችኝ። ለመንኳት። ተቆጣኋት። አለቀስኩባት። «እችለዋለሁ አልኩሽ እኮ» ብላ በነገሩ ላይ በሩን ዘጋችው። ስለዚህ የክቡርነትዎ ግብዣ ተቀባይነት አግኝቷል፤ እሑድ እንመጣለን።

የምናስቸግርዎ በጥቂቱ ነው። እህቴ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት እጅና እግሯ ተፈትቶ፣ የራሷን ልብስ ለብሳ፣ ሁላችንም በምናያት ቦታ ከኛ ጋር ትቆማለች፤ እሷን እስክናይ ድረስ አበባ የለም። በበጎ ዓይን የሚያዩት ዛሬ ይዩት፣ ነገ አይደለም። ሰፈሩም በሙሉ ይመጣል፤ ሻምበል በቃሬዛ ይመጣሉ፤ ፀጉር አስተካካዩም ፊቱን ይዞ ይመጣል። ዝም ብለን እንቆማለን፣ ምንም አንልም። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ሁሉ መምጣት ከፈለገ እኛ አንከለክለውም።

አንድ የቀረው የእጅ ነገር ነው። ሠራተኛዎ «በግራ እጅ መስጠት አያምርም፣ በቀኟ ታበርክት» ብሎ አጥብቆ ነግሮናል። ጀሶው ዓርብ ይፈታል። ነገር ግን ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ የልጅቷ ጣቶች ከእንግዲህ በራሳቸው አይጨብጡም፤ ይመለስ ይሆን አይመለስ ይሆን እሱም አያውቅም። ሰው ካላጠፋቸው አይታጠፉም። ከጀሶው ጫፍ የወጡትን ጣቶቿን በየማለዳው የማጥፍላት እኔ ነኝ፤ እሷ የተጠቀለለ ጨርቅ በጥርሷ ትነክሳለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ በአንድ አጥፋለሁ። እሑድ ግን እኔ አላደርገውም፤ እናቷም ፊቷ ቆማ እያየች እንድታደርገው አልፈቅድም። አበባው የርስዎ ስለሆነ የሚያስጨብጧት እርስዎ ነዎት።

አስቸጋሪ አይደለም፣ ላስረዳዎ። አበባውን መዳፏ ላይ ያስቀምጡ። ከአውራ ጣቷ ይጀምሩ፤ ቀጥለው ጠቋሚዋን፣ ከዚያ መሐለኛዋን። ቀስ ብለው ያጥፉ፤ ካጠፉ በኋላ አጥብቀው ይያዙ፣ ከለቀቁ ተመልሳ ትዘረጋለች፣ እንደገና መጀመር ይሆናል። ትጮሃለች። አይደንግጡ። የሙዚቃ ባንዱ ድምፁን ከፍ ቢያደርገውም ጩኸቷን አይሸፍነውም፤ እኛ ሬዲዮ አስጩኸን ሞክረነዋል። ካሜራዎቹ ብዙ ስለሚሆኑ ፊትዎን ወደነሱ አድርገው ፈገግታዎን ይያዙ። በመጨረሻም አበባውን ለመቀበል እነዚያኑ ጣቶች አንድ በአንድ መልሰው መዘርጋት ይኖርብዎታል። እሱኛው ይብሳል።

ለክብርዎ ዘወትር የምጨነቅ፣ ከእሑድ በፊት ጉንፋን እንኳ እንዳይነካዎ የምመኝ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ታማኝ ልብስ ሰፊ፣
የታሳሪዋ ታላቅ እህት፣
የፌንጣ አክስት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሠራተኛዎ አበባው ጽጌረዳ መሆኑንና እሾሁን የሚለቅም ሰው መመደቡን ነግሮን ነበር። ሰውየውን አያድክሙት። ትንሿ ጣቷና ቀጣይዋ ምንም አይሰማቸውም፤ ሐኪሙ በመርፌ ወግቶ አይቷቸዋል፣ እሷ ተወግታ ሳታውቅ «መቼ ነው የምትወጋኝ?» እያለች ትጠይቀው ነበር። እሾሁን በዚያ በኩል ያድርጉላት።